አጅሬ ያላጉረመረመበት ክረምት

ሰኞ

ነከሰኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ለሰው ባልናገረው ለወረቀት ምን አለበት።

የጭነት ግቢው በር ላይ ነው። ሾፌሩ፣ ወዛደሩ፣ ዕቃ ተቀባዩ በሚተራመስበት መሃል አነፍናፊ ውሻ አፉ ሳይታሰር አያልፍም፤ ደንብ ነው። እንደ ሁልጊዜው ተንበርክኬ የአፍ ማሰሪያውን አጠለቅኩለትና ቀበቶውን በግራ ጉንጩ በኩል ሳብ አደረግኩት። ውሻዬ አጅሬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳያጉረመርም፣ ጥርሱን እንኳ ሳያሳይ፣ አፉን መንጭቆ አወጣና ቀኝ እጄን ከአውራ ጣቴ በታች ግጥም! ከዚያ ለቀቀኝና ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ አለ።

አራት ዓመት! ከእጄ ሲበላ፣ ከእግሬ ሥር ሲተኛ አራት ዓመት። ባሌ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ ያለቀስኩት እሱ አንገት ላይ ነው። ውለታ ቢስ!

ደግነቱ ማንም አላየኝም። ቢያዩኝም መልሱ የታወቀ ነው፦ ሽቦ። እኛ ግቢ ውስጥ ውሻ ሰው ነክሶ አያውቅም፤ ሁሉም ሽቦ ነው። የአንዱ ክንድ ሽቦ፣ የሌላው ጭን ሽቦ። እንግዳ ቢመጣ "ይህን ሽቦ ማን ነው ያሰለጠነው?" ማለቱ አይቀርም። "የተነከሰ በዕለቱ ያሳውቅ፤ የደበቀ ከሥራ ይሰናበታል" የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። የቀን መቁጠሪያ ሰቅለንበታል።

ዋና አሰልጣኛችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ አንድ አባባል አለው፦ "የገዛ ውሻው የነከሰው ያዥ፣ ነገ ሄዶ ዶሮ ይጠብቅ።" እኔ ዶሮ አልጠብቅም።

ማክሰኞ

እጄ አብጧል። ጓንት ለበስኩ።

ጋሼም ሰሞኑን ጓንት አያወልቅም። "ብርድ ነው" ይላል። ባልደረባዬ ሎጋው "ብርድ አይደለም፣ ተደብቆ አግብቶ ቀለበቱን እየሸፈነ ነው" ብሎ ሁላችንንም በሳቅ ገደለን። እኔም ሳቅኩ። እጄ እየጠዘጠዘኝ።

አጅሬ ምግቡን በትኖታል። ደረቁን የውሻ ምግብ አፉ ያደርገውና መልሶ ይጥለዋል። ጭራሽ ምግብ መራጭ ሆኖ ቁጭ!

ሐሙስ

ቤት ስገባ ደግሞ ታላቅ እህቴ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሌ ከሄደ ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው። ጥርሷን ካመማት ሰንብቷል። ጥርስ ሐኪም ዘንድ አልሄድም ብላ ጉንጯን በእጇ ይዛ ትውልና፣ ማታ ልክ እኔ ስደርስ ቁጣዋን ትዘረግፋለች። ሾርባ ሠራሁላት፤ ሞቀ አለች። አቀዘቀዝኩት፤ ቀዘቀዘ አለች።

"እጅሽን ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"ሽቦ።"

"ሽቦ ጥርስ አለው እንዴ?"

"እትዬ፣ ተዪኝ በናትሽ።"

"ተውኩሽ። ሁሌም ተዪኝ ነው። ከባልሽ ጋር ሳለሽ ስንት ዘመን ሙሉ ምንም አላልሽ፣ ምንም፣ ከዚያ አንድ ቀን ድስት ወረወርሽበት። ሰውዬው እስከ ዛሬ ምን እንዳደረገ አያውቅም።"

ምን አገናኘው አሁን?

ያልጻፍኩት ነገር አለ። አጅሬ የአፍ ማሰሪያውን ሲያይ ማጉረምረም የጀመረው ዝናቡ ሳይገባ ነው። እኔ ላይ! ዝም ብዬ ላየው? ባጉረመረመ ቁጥር አንገቱን በገመዱ መንጨቅ፣ አፍንጫውን በመዳፌ ቸብ። ጠንከር አድርጌ አይደለም። ደህና፣ አንዳንዴ ጠንከር። ተወው፤ ጸጥ አለ። ጋሼ አይቶ "እንዲህ ነው ያዥ ማለት" ብሎ በሰው ፊት አመሰገነኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስንቀባረር ከረምኩ። ታዲያ ያን ያህል የታረመ ውሻ ነው ዛሬ ድምፅ ሳያሰማ እጄን የሚበላው?

ቅዳሜ

ጣቴ አልታጠፍ አለ። እህቴ ታማለች ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ። ውሸት አይደለም፣ ታማለች።

አጅሬን ለሎጋው አስረከብኩት። ሎጋው የምንለው የበሩን መቃን ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ ነው። ሚስቱ ጸጉር ሰሪ ናት፤ በእረፍት ቀኑ እሱም እዚያው የወንዶቹን ይቆርጣል። እኛ ግቢ በእጁ ያላለፈ ጭንቅላት የለም። የኃላፊውን መላጣ ሳይቀር ዙሪያውን ያስተካክልለታል፤ "እዚህ ጋ የምቆርጠው ተስፋውን ነው" ይላል።

ስለ አጅሬ ጠየቀኝ። በግ ነው አልኩት። እውነቴን ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ በግ ነበር።

ረቡዕ

ደወሉልኝ። አጅሬ ሎጋውን ነክሶታል። ቀኝ እጁን። ይዞ አልለቀቀም አሉ። ሐኪም ቤት ነው።

መሄድ አለብኝ።

ረቡዕ፣ ከሐኪም ቤት መልስ

ጅማት ተቆርጧል። ሁለቱ ጣቶች ላይታጠፉ ይችላሉ አሉ።

ይሄ ሎጋው የሚባል ሰው ደግሞ! ውሻ አያያዝ ዛሬ ነው እንዴ የሚማረው? ከላይ አጎንብሶ መጥቶበት ይሆናል፤ ያን ቁመት ይዞ ሲያጎነብስ እኔም ብሆን እደነግጣለሁ። ወይ ነካክቶታል። ወይ ቀልዶበታል፤ መቼም ቀልድ አያልቅበት። ውሻ ከመሬት ተነስቶ ሰው አይበላም!

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ከሥራ ተነስታ ስለመጣች ሽርጧን አላወለቀችም፤ የደንበኛ ጸጉር እላዩ ላይ አለ። አቀፍኳት። "አንቺ ያሳደግሽው ውሻ ነው አይደል?" አለችኝ። ክፉ አልተናገረችም፤ መጠየቋ ነው። 

ጓንቴን አላወለቅኩም።

ዓርብ

ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው ክራቫቱን አጥብቆ፣ "ውሻው በሚቀጥለው ዓርብ በመርፌ ይሸኛል" አለ። ይሸኛል! እንግዳ ነው እንዴ የሚሸኘው? "ይገደላል" በል፤ አፍህ ምን ይሆናል?

የእንስሳት ሐኪሙም ነበር። አጅሬን ሁለት ጊዜ መርምሮታል። ሆዱን ዳሰሰ፣ እግሩን አጠፈ፣ ልቡን አዳመጠ። አጅሬ እንደሆን አሁን አፉ ታስሮ ነው የሚውለው፤ ምግብ ሲሰጠው ብቻ ነው የሚፈታው፣ ያውም በረጅም እንጨት፣ ከሽቦ ወዲያ ማዶ ሆነው። "ጤነኛ ነው" አለ ሐኪሙ። "የጠባይ ችግር ነው።"

"ክብደቱ ግን ቀንሷል" አልኩ።

"ጠባዩ የከፋ ውሻ ክብደት ይቀንሳል።"

መልስ አያጣም!

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። "ያዡ አንቺ ነሽ። ከዚህ በፊት ምልክት አይተሽበታል?"

ጋሼ ጓንቱን ያያል። እኔም ጓንቴን አየሁ።

"አላየሁም" አልኩ።

"እንግዲያው ከሰማይ የወረደ ነገር ነው። ከዚህ በፊት ነክሶ ቢሆን፣ መቼ ነው፣ ምን ሲያደርጉት ነው ብለን እናጠና ነበር። አንድ ጊዜ፣ ያለ ምክንያት፣ ሰው የሚያሽመደምድ ውሻ ግን ያበደ ነው።"

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ራስ መነቅነቅ ላይማ ማን ብሎን!

እሁድ

አጅሬን ለማየት ሄድኩ። ማዕዘን ውስጥ ሆኖ ግራ ጉንጩን ግድግዳው ላይ ያሻል፣ ያሻል። ማሰሪያው ሊወልቅለት ፈልጎ ነው አልኩ። ውሃ ስሰጠው እየላፈ ከአፉ ያፈሰዋል። ሽታው ደግሞ! ውሻ ቤቱን አያጥቡም እንዴ? የጽዳቱ ሰው ላይ ጮኼ መጣሁ። ምስኪን፣ እሱ ምን ያድርግ፤ ወለሉ ያብረቀርቃል።

ሰኞ

ሎጋውን ልጠይቅ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በመስኮቱ አየሁት። ሚስቱ ታጎርሰዋለች።

በሰው ሁሉ ተናድጃለሁ። በሐኪሙ፣ በኃላፊው፣ በጋሼ። ስጽፈው ራሱ ብዕሩ ወረቀቱን ይቀድደዋል።

ማክሰኞ



ዛሬ እህቴ ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊዘጋባት ደርሷል። ሙቀት ይረዳታል ብዬ ሻርፕ አሙቄ ከአገጯ ሥር ወደ ላይ ጠመጠምኩላት፣ ልቋጥረውም ሳብ አደረግኩት። በግራ በኩል።

በጥፊ አጮለችኝ! ታላቅ እህቴ፣ በሕይወቷ ትንኝ ገድላ የማታውቅ ሴት። ሁለታችንም ደንግጠን ተያየን። ከዚያ አለቀሰች። "እኔ አይደለሁም፣ እኔ አይደለሁም እኮ፣ ስትስቢው ዓይኔ ነው የጨለመው" አለችኝ።

ሻርፑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ሾርባውን በቀኝ በኩል ነው የምትጠጣው። አጅሬ ደረቁን ምግብ ይጥለዋል። አፏ ይሸታል፣ እፍረት ይዟት በእጇ ትሸፍነዋለች። ግድግዳውን ያሻል። በግራ በኩል። ቀበቶው የሚጠብቀው በግራ በኩል ነው።

ያን ሁሉ ጊዜ አፉን ማንም ከፍቶ አላየውም። ለምን? ስለታሰረ። ለምን ታሰረ? ስለነከሰ። ለምን ነከሰ?

ዝናብ ላይ ወጥቼ ሮጥኩ።

ማክሰኞ፣ የቀጠለ

ኃላፊው ሊወጣ ካፖርቱን ደርቦ ደረስኩ። "ጥርሱ ነው! አደንዝዛችሁ አፉን ክፈቱና እዩ" አልኩት።

"ወይዘሮ፣ ውሻሽን እንደምትወጂው አውቃለሁ።"

"ፍቅር አይደለም የምነግርህ! ጥርስ ነው!"

"ማስረጃ? አንድ ጊዜ ነው የነከሰው። አንድ ንክሻ ጥርስም፣ እብደትም፣ ቁጣም ሊሆን ይችላል። ለግምት ብዬ ውሳኔ አላጥፍም።"

እዚያው ጓንቴን ማውለቅ ነበረብኝ። ቁልፉን ጨርሼ ፈትቼዋለሁ። ከዚያ መልሼ ቆለፍኩት።

"ደህና እደር" አልኩት። እግዚአብሔር ያሳይህ! ውሻዬን ሊገድሉብኝ ነው እያልኩ በሰው ሁሉ የምናደደው ሴትዮ፣ ደህና እደር ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ

ሎጋው ቤት ገባሁ። ሚስቱ ሻይ አቀረበች። የተሰፋው እጁ ትራስ ላይ ተቀምጧል፤ የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለው።

"ምን ስታደርገው ነው የያዘህ?" አልኩት።

"አፉን ሳስር። ቀበቶውን ስስበው።"

"በየት በኩል?"

"በግራ። ቀበቶው ያለው በግራ አይደል እንዴ? አላጉረመረመም። አንድ 'እርር' ቢለኝ እኮ እጄን እሰበስብ ነበር። አንድ!"

ጓንቴን አወለቅኩ።  የእሱ ቁስል የሚጀምረው የእኔ ካለበት ቦታ ነው።

ሚስቱ ናት የጮኸችው። "ታውቂ ነበር! አውቀሽ ነው የሰጠሽው! አቅፈሽኝ ነበር እኮ፣ በዚያ እጅሽ ነው ያቀፍሽኝ!" ሻዩን ከፊቴ አነሳችው። ተገቢ ነው፤ እኔ ብሆን እደፋባት ነበር።

ሎጋው አልጮኸም። ምናለ በጮኸ።

"ስታስረክቢኝ ጠይቄሽ ነበር" አለኝ። "ጓንትሽን አይቼ 'ምንድን ነው' ስልሽ 'ሽቦ' አልሽኝ። 'የእውነት ሽቦ ነው ወይስ የእኛ ሽቦ?' አልኩሽ። ምን ብለሽ መለስሽልኝ?"

ጓንቴን ጭኔ ላይ አጣጠፍኩት።

"'የእውነት ሽቦ። አጅሬ በግ ነው' አልሽኝ።"

ቅዳሜ ዕለት ስጽፍ ይህን አልጻፍኩትም። ገልጬ አየሁት። አልጻፍኩትም።

ሐሙስ

ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ባዶ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"መቼ?" አለኝ።

"ከሎጋው በፊት። አፉን ሳስር። በግራ በኩል።"

"'ምልክት አላየሁም' ብለሽኛል።"

"ዋሽቻለሁ።"

ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ዞር ብዬ ሳየው የቀኝ ጓንቱን ጣት በጣት እየጎተተ ያወልቃል። ጠባሳው ከእኔ ይልቅ ያረጀ ነው። ቦታው ግን አንድ ነው፤ ከአውራ ጣት በታች። ወር በገባ ቁጥር ለፈተና አጅሬን ይወስደዋል። ባለፈው ወስዶት፣ ተነክሶ፣ መልሶ ለእኔ አስረከበኝ። "ሸጋ ውሻ፣ ምንም አይወጣለትም" ብሎ።

"ጋሼ!" አልኩ። 

"ምን ልበል?" አለኝ። "አንቺስ ምን አልሽ?"

ልገድለው ፈለግኩ። ጸጉሩ የሸበተ፣ አባት የሚያህል ሰው፣ አንቆ መግደል አማረኝ። እሱን በማንቅበት ምክንያት ደግሞ ሎጋው እኔን ሊያንቀኝ መብት አለው። ይህን ሳስብ ጭራሽ ባሰብኝ።

ኃላፊው ሁለቱን እጆች ደጋግሞ አየ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ሐኪሙን፣ "ነገ የሚገድለውን ሳይሆን የሚያስተኛውን መርፌ ይዘህ ና" አለው።

ዓርብ

አስተኙት። አፉን ከፈቱት።

በላይኛው መንጋጋ በግራ በኩል ትልቁ ጥርስ እስከ ድዱ ለሁለት ተሰንጥቋል። የውሻ ቤቱን ብረት ነክሶ ይሆናል አሉ፤ ማን ያውቃል። ሥሩ መግል ይዟል። ሽታው ሁላችንንም ወደ ኋላ መለሰን። ያንን ቀበቶ ልክ እዚያው ላይ ነበር የምናጠብቀው። ባመመው ቁጥር ነገረን፤ በተናገረ ቁጥር መታነው። መታሁት።

ሐኪሙ ላቡን ጠረገ። "ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ እኮ" አለ።

"አፉ ታስሮ ነው ያየኸው" አልኩት። ልጨምርለት ብዙ ነበረኝ፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። እኔም አፌን አስሬ ነበር የከረምኩት።

ጥርሱ ሲወጣ ድምፅ አለው። አሁንም ይሰማኛል።

ሰኞ

ተሰናበትኩ። "የደበቀ ይሰናበታል።" የቀን መቁጠሪያውን አንስተው ከሥሩ አነበቡልኝ።

ጋሼስ? ጋሼ በክብር ጡረታ ወጣ! የአበባ እቅፍ፣ ጭብጨባ፣ "ለረጅም ዘመን አገልግሎት" የሚል ሰሌዳ። በጓንት ነው የተቀበለው። ደሜ ይፈላል፣ ይፈላል! ግን ቢያባርሩትስ የሎጋው ጣት ሊታጠፍ ነው?

አጅሬም ተሰናብቷል። የነከሰ ውሻ ወደ ሥራ አይመለስም፤ ያዡ ከፈለገ ይውሰደው ተባለ። እህቴ ስትሰማ "ሁለት ከሥራ የተባረረ በአንድ ቤት!" አለች። ከዚያ ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣ "ነገ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ውሰጂኝ" አለችኝ። "ውሻ የቻለውንማ እችላለሁ።"

ሐሙስ

ሎጋው ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በሩን አልከፈተችልኝም። እሱ በጓሮ ወጣ። መቀስ በግራ እጁ እየተለማመደ ነው፤ የገዛ ጎረምሳ ወንድሙን ጭንቅላት አይጥ የበላው አስመስሎታል። ሊያስቀኝ ፈልጎ አልነበረም፣ አላሳቀኝም።

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ዛሬ አልችልም" አለኝ።

"እሺ።"

"ሌላ ቀን ጠይቂኝ አላልኩሽም።"

"እሺ።"

"ውሻው እንዴት ነው?"

"ይበላል" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ገባ።

ቅዳሜ

አጅሬን ላወጣው ሄድኩ። ያው ዝናብ። በሩ ላይ ዘበኛው "አፉን ሳታስሪ አታልፊም፣ ደንብ ነው" አለኝ። ያው በር፣ ያው ማሰሪያ። ቀበቶውን አላልቼ፣ ወደ ቀኝ አዙሬ፣ ተንበረከክኩ።

ገና ሲያየው ሰውነቱ ደረቀ። ጥርሱ ወጥቷል፣ ድዱ ድኗል፤ እሱ ግን ምን ያውቃል። ጆሮውን አስተኛ፣ አየኝ። የእጄን መዳፍ አየ።

ከዚያ ከደረቱ ውስጥ ድምፅ ወጣ። ዝቅ ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ ከባድ መኪና የሚመስል።

አጉረመረመ።

ዘበኛው ወደ ኋላ ዘለለ። "ኧረ ይሄ ውሻ ይበላሻል! ምቺው እንጂ!"

"አልመታውም።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

እጄን ሰበሰብኩ። ማሰሪያውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አልኩ። ከኋላዬ የጭነት መኪና ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ይሳደባል። ይንፋ።

"እሺ አጅሬ" አልኩት። "ሰማሁህ።"

እሱ እያጉረመረመ፣ እኔ እያዳመጥኩት፣ ሁለታችንንም ዝናብ መታን።